የቡናው ደረጃና የተማሪው ደረጃ

በነቀምቴ ገበያ ቡና ይዞ የቀረበ ነጋዴ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ እጅ ሲመታ አይታይም። እርጥበቱ ምን ያህል ነው፣ ስንት እንከን ፍሬ ወጣበት፣ ቀማሹ ምን ደረጃ ሰጠው ብሎ ይጠይቃል። ከተማዋም ብትሆን «ለቀምት» በሚል ስም ከሲዳማ፣ ከይርጋጨፌና ከሐረር ጎን በዓለም ቡና ገዥዎች ዝርዝር ውስጥ የገባችው በደረጃዋ ነው። ይኸው ነጋዴ ግን ልጁን ለማስተማር ሲነሳ የተጠራለትን ዋጋ እንደ ወረደ ይቀበላል። ወይ «ይህ የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ደላላ ፈልጎ «ስኮላርሺፕ አምጣልኝ» ይላል። ሁለቱም የከፋ ንግድ ነው።

በእጁ ያለው ሸቀጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ቢያውቅ እንዲህ ባላደረገ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በአንጻሩ ትምህርት ቤቶች በሚሰጡት ትራንስክሪፕት ላይ ከ90 በላይ የሌለው ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የትራንስክሪፕት ማርክ እንደ ብር ግሽበት ገብቶበታል፤ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ግን ያልተመነዘረ ዶላር ነው። በወለጋ ደግሞ ይህን ውጤት ያመጣ ልጅ ያመጣው ትምህርት ቤቶች በጸጥታ ችግር ሲዘጉና ሲከፈቱ በኖሩበት፣ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በብዙ የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት አገር ተቀምጦ ነው። ለዚህ ዓይነት ተማሪ ገዥ አለ። ጥያቄው ገዥው የት ነው የሚለው ነው።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን ይላል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በውጤት ብቻ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም። የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ከመላው ዓለም በራሱ እግር ስለሚመጣላቸው ለጉብዝና የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ለጉብዝና የሚከፍለው ስሙ ያልገነነ፣ ወንበሩ ያልሞላለት፣ የተማሪዎቹን አማካይ ውጤት ከፍ አድርጎ ለማሳየት የሚፈልግ ኮሌጅ ነው። እንዲህ ያሉት ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያዊ ብዙ በማይሰፍርባቸው የመካከለኛውና የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ይገኛሉ። የወለጋ ወላጅ የሚያውቀው ግን ዘመድ ያለበትን ሚኒያፖሊስን ወይም ዋሽንግተንን ነው።

አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የግል ኮሌጆች አዲስ ለሚገቡ ተማሪዎች ከተለጠፈው የትምህርት ክፍያ ላይ በአማካይ ከግማሽ በላይ ይቀንሳሉ። የተለጠፈውን ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ጥቂት ሰው ነው ማለት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በበኩላቸው ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ በርካሽ፣ ከሌላ ለሚመጣ በውድ ያስተምራሉ፤ ሆኖም ከውጭ ጎበዝ ለመሳብ ሲሉ ውዱን ዋጋ በስኮላርሺፕ የሚያወርዱ አሉ። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ ሄዶ ዛሬ ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጡ ናቸው። በዚህ ላይ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁ ወጣቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2025 ከጫፍ ደርሶ ከዚያ በኋላ እንደሚወርድ ሲተነበይ ቆይቷል። ገበያው ወደ ገዥው እያጋደለ ነው። ገዥው እዚህ ላይ ተማሪው ነው።

ይሁንና ቅናሽ ሁሉ ስኮላርሺፕ አይደለም። መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰጡህ?» ሳይሆን «ስንት ቀረብህ?» ነው። አንድ ኮሌጅ ትምህርቱን 40 ሺህ ዶላር፣ ምግብና መኝታውን 15 ሺህ ዶላር ጠርቶ የ25 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ቢሰጥ ደብዳቤው የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን በዓመት 30 ሺህ ዶላር ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ቀሪ 1.7 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። በ150 ብር ቢሰላ 4.5 ሚሊዮን ነው፤ ያውም ለአንድ ዓመት። ከዚህ ይልቅ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ 30 ሺህ ዶላር ጠርቶ 27 ሺህውን የሚተው ኮሌጅ ይሻላል። ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት መሆኑንና ለማደስ የሚጠይቀውን አማካይ ውጤት ሳያነብ የፈረመ ቤተሰብም በሁለተኛው ዓመት ልጁን መሬት ሸጦ ያስተምራል፤ ወይም ከነሻንጣው ይቀበለዋል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ በትምህርት ወቅት መሥራት የሚችለው በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ «እዚያ ሠርቶ ይከፍላል» የሚለው የቡና ቤት ሒሳብ አይሠራም።

በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ማንንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አስከፍሎ አያውቅም፤ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ ከውጭ ለሚቀበላቸው ጥቂት ተማሪዎችም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ይሸፍናል። ከአሜሪካ ውጭም የቱርክ መንግሥት «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» የተባለው ፕሮግራም ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ የወር አበሉንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይችላል፤ ለማመልከትም አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ደላላው የሚሸጠው ምንድን ነው? የሚሸጠው ጭንቀትን ነው። በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር የሚሠራው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ ምክር ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ኮሌጆችም አቅም የለኝም ብሎ ለጻፈ ተማሪ የማመልከቻ ክፍያውን ይተዋሉ። በአንጻሩ በሰሜን ቆጵሮስ ወዳሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የሚልኩ ወኪሎች «50 በመቶ ስኮላርሺፕ» ይዘው ይመጣሉ። ለመጣው ሁሉ የሚሰጥ 50 በመቶ ግን ስኮላርሺፕ አይባልም፤ ዋጋው ራሱ እሱ ነው። ወኪሉም በላከው ልጅ ቁጥር ከኮሌጁ ኮሚሽን ያገኛል። ድለላ ክቡር ሙያ ነው፤ ነገር ግን ከሻጭም ከገዥም የሚበላ ደላላ በነቀምቴ የእህል ተራ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቃል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ደላላው አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው። ቀድሞ ተማሪው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱን ይዞ ማመልከት ይችል ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። አሁን በእጁ ያለው የሚታመን ማስረጃ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ነው፤ እሱም የሚታወቀው በጳጉሜን ወይም በመስከረም፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ነው። በ12ኛ ክፍል ላይ እያለ የሚያመለክት ልጅ የሚልከው ያንን ግሽበት የገባበትን ትራንስክሪፕት ነው።

ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ አንድ ዓመት ቆይቶ ቢያመለክት ያዋጣዋል የሚል ክርክር አለ። ውጤቱ በመስከረም ይወጣል፤ የብዙዎቹ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚዘጋው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ውስጥ ነው። ሰነዱን ለማዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ነው። ችግሩ መንግሥት በዚያው ሰሞን በዩኒቨርሲቲ መመደቡ ነው። ልጁ ተመዝግቦ መማር ከጀመረ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ አዲስ ገቢ መሆኑ ይቀርና ተዛዋሪ ይባላል፤ ለተዛዋሪ የሚመደበው ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ነው። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ይህ በዋጋ መውጣት ተስፋ ቡናን በመጋዘን እንደ ማቆየት ያለ ውሳኔ ነው። ቡናው ከደረጃ ሊወርድ ይችላል፤ ዋጋውም ላይወጣ ይችላል። ለሁሉም የሚመከር አይደለም። ከመቶ 55 ያመጣ ልጅ የተመደበበት ገብቶ ቢማር ይሻለዋል። ከ80 የዘለለ ግን፣ እንግሊዝኛውም ደህና ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከሩቅ ዘመድና ከጎረቤት የሚሰማውን «ልጁን ቤት አስቀመጡት» የሚል ሐሜት ችሎ ቢያቆየው ስሌቱ የሚደገፍ ነው። በመሐሉ የቪዛ ነገርም አለ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የተማሪ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለሦስት ወር የሚቆይ እንዲሆን ተደርጓል። ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት የመጣ ተማሪ እንደገና መሰለፍ ሊኖርበት ነው።

ባሕር መሻገር ያልፈለገ ወይም ያልቻለም በአገር ውስጥ የሚወዳደርበት ቦታ አለ። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይመርጣሉ። የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ ያቋቋመው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ከክልሉ ዞኖች ጎበዞችን አወዳድሮ ይወስዳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህን የሰማ የወለጋ ወላጅ ስንት ይሆን?

«ለሚሄድ ልጅ ለምን ገንዘባችንን እናወጣለን፣ አይመለስም» የሚሉ አሉ። ወቀሳው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የወለጋ ታሪክ ሌላም ምስክር አለው። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ዮሐነሉንድ በሚሲዮን ወጪ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን አሳተመ፤ ከዚያም ነቀምቴ ገብቶ ሲያስተምር ኖሮ እዚያው አረፈ። ጉዲና ቱምሳም በሚኒሶታ ተምረው ተመልሰዋል። የማይመለሰውም ቢሆን በሐዋላ የሚልከው ዶላር በነቀምቴና በግምቢ ስንት ፎቅ እንዳቆመ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ገንዘብስ ስንት ነው? ለኤስኤቲ መቶ ዶላር ገደማ፤ በኢንተርኔት ለሚወሰደው የዱኦሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተና ከመቶ ዶላር በታች፤ ከተቀባይነት በኋላ ለተማሪ ምዝገባ 350፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር። ሁሉም ሲደመር በ150 ብር ሒሳብ ከ110 ሺህ ብር ብዙም አይርቅም። ከዚህ ውስጥ አስቀድሞ የሚወጣው ለፈተናዎቹ የሚከፈለው 30 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ቀሪው የሚከፈለው ስኮላርሺፑ ከተያዘ በኋላ ነው። ሌላው ወጪ ለፈተና አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር መጓዝና ለአንድ ሰዓት የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ማግኘት ነው። የኢንተርኔቱን ነገር አንድ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ባለቤት ክፍል ለቆ ሊፈታው ይችላል። የፈተናውን ገንዘብም የአንድ እህል ተራ ዕቁብ በአንድ ዙር ብቻ ለብዙ ልጆች ሊሸፍን ይችላል፤ በዚህ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የገቡት እስኪፈተኑ ድረስ ደግሞ ዕጣው የሚዞርበት አራት ዓመት ገደማ አለ።