ሞተራችሁን ለረጅም መንገድ ከማስበየዳችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ግፊትም ስለ ጨጓራም አላወራም፤ ወሬዬ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «ሐኪም ከሞተር ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘን ብየዳ ነው። ከሞተር ወድቆ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው ጉዳቱ ሁልጊዜ ከፍጥነት ብቻ የመጣ አይደለም። ሞተሩ ላይ የተቀጠለ ወይም ከሞተሩ ላይ የተነቀለ ነገርም አለበት፦ የረዘመ ወንበር፣ የተፈታ ስፖኪዮ፣ የተቆረጠ ማርሚታ፣ የተነሳ የካቴና መሸፈኛ።

መጀመሪያ አቋሜን ልናገር። «በሞተር ረጅም መንገድ አትውጡ» የሚለው ንግግር ለእኛ አካባቢ ምክር አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድ ቢያንስ ታክሲና አውቶቡስ ነበራት። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ ከዋናው መንገድ ወጣ ወዳለ ቀበሌ የሚሄድ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሱፐርቫይዘር፣ ጤፍ ሊገዛ የሚዞር ነጋዴ ግን ሌላ ምርጫው እግሩ ነው። ስለዚህ አትንዱ አልልም። ሞተሩን ለረጅም መንገድ ማመቻቸትም ተገቢ ነው እላለሁ። የምከራከረው ገንዘቡ ቀድሞ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን ለዓይንና ለጆሮ አውጥተን ስንጨርስ ለአካላችን የሚተርፍ ሳንቲም የለም።

እኛ ጋ የሚነዳው አብዛኛው ሞተር፣ ቦክሰርም ይሁን ቲቪኤስ፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። 150 ሲሲው ወደ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው ተብሎ ይሸጣል። ቢቸናና ሞጣ ግን ሁለቱም 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ከ12ቱ 9 ወይም 10 ቢደርሰን ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ተጭኖ፣ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ልቅደም ማለት ከየትኛውም ጋራዥ በሚገዛ ነገር የሚስተካከል አይደለም። ማርሚታ መቁረጥ የሚጨምረው በዋናነት ድምፅ ነው። የተቆረጠ ማርሚታ 100 ዴሲቤል ማለፉ ብርቅ አይደለም፣ በዚህ ድምፅ ጆሮ ያለ ጉዳት የሚቆየው ለ15 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ሲተኙ «ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» ማለት ይመጣል። የሞተ የጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም፤ የምጽፈውም መድኃኒት የለም።

ሞተሩ ላይ ትርጉም ያለው ማስተካከያ አለ ከተባለ የፊተኛውን የካቴና ጥርስ በአንድ መጨመር ነው። በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ይሠራል፣ ንዝረቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ዳገት ላይ ጉልበት ይወስዳል። ሜዳ ለሜዳ ለሚመላለስ ይሁን፤ አባይ በረሃን ለሚያቋርጥ አልመክርም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት አለ። ቁልቁለቱን ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ፍሬኑን ብቻውን ማስጨረስ ነው። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘው ይውረድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ጋቢ። ይህን ነገር ሌላ አገር የተጻፉ የሞተር ምክሮች ውስጥ አታገኙትም፣ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ ጋቢ አይለብሱም። እኛ ግን ደጋ ነን፤ ጠዋት ሞተር ላይ የሚወጣ ሰው ጋቢውን ይደርባል፣ ከኋላ የምትቀመጥ እናት ነጠላዋን ትከናነባለች፣ በቀሚስ ስለሆነች ወደ ጎን ትቀመጣለች። የኋላው ጎማ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጋቢው ጫፍ ከካቴናው ወይም ከጎማው ሽቦ ጋር ከተገናኘ ነጂው ፍሬን ለመያዝ እንኳ ሳያስብ ተጠቅልሎ አልቋል። የሚጎትተው ደግሞ የታሰረበትን ቦታ ነው፤ አንገት ላይ ከሆነ አንገትን። ኢሳዶራ ደንከን የምትባለው ዓለም ያወቃት ዳንሰኛ በ1927 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ኒስ ከተማ የሞተችው እንዲሁ ነው፤ ረጅም ሻርፗ የተሳፈረችበት መኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ።

መፍትሔው ጋቢን መተው አይደለም፤ ብርዱን ማን ይችለዋል? ጋቢ ከላይ ሳይሆን ከጃኬት ሥር ይለበስ፣ ጫፉ ቀበቶ ውስጥ ይግባ። ነጠላም እንደ መቀነት ወገብ ላይ ይታሰር። ከዚህ በላይ ግን ብየዳው እዚህ ይዋል እላለሁ። በህንድ አገር ሴቶች ሳሪ ለብሰው ወደ ጎን ስለሚቀመጡ ሕጉ ራሱ ከኋላ ሰው የሚጫንበት ሞተር የኋላ ጎማው ቢያንስ ግማሹ ድረስ በጎን መሸፈኛ እንዲኖረው፣ የኋለኛው ሰው እጁን የሚይዝበትና እግሩን የሚያሳርፍበት ነገር እንዲኖር ያስገድዳል። እኛ የምንነዳቸው ሞተሮች ብዙዎቹ ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። የቢቸና በያጅ ይህን መሸፈኛ ከቀጭን ቱቦላሬና ከላሜራ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የካቴናውን መሸፈኛ ደግሞ «ይንኳኳል» ብላችሁ አታስነሱ፤ ብሎኑን አጥብቁት።

የዚሁ መሸፈኛ ሁለተኛ ጥቅም የልጆች እግር ነው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ማረፊያው ላይ አይደርስም፣ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ተረከዙ ሽቦው ውስጥ ይገባል። ወላጆች ይህን በደንብ አንብቡልኝ፦ ይህ ቁስል የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንሽ ነው የሚመስለው። የተላጠ ቆዳ ብቻ ታያላችሁ፣ ታጥቦ ይታሸጋል፣ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። ነገር ግን ሽቦው ተረከዙን ጨፍልቆታል፤ የዚያ ቦታ ቆዳ ደግሞ የደም አቅርቦቱ ደካማ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ሌላ ቦታ ቆዳ ተነስቶ እስከ መለጠፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ተመለሱ ስትባሉ «ደህና ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ራጅም ይነሳ።

ወንበር ማስረዘሙን በተመለከተ አጭር ነኝ። ለሦስተኛ ሰው የሚሆን ከሆነ አታስረዝሙት። ከኋላ ጎማው መሐል አልፎ የተጫነ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ያማሃ ለገጠር ሥራ የሠራት ኤጂ 100 የምትባል ሞተር አለች። ጭነት መያዣዋ ከፊትም ከኋላም ነው፣ ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ለእጅ መከለያ አላት፣ ሞተሩን ከጎን የሚጠብቅ ብረት አላት። ጠጠርና ጭቃ ላይ ለሚውል ሰው ምን ያስፈልጋል ተብሎ በፋብሪካ የተቀመጠው ዝርዝር ይኼ ነው። የሚጮህ ማርሚታ አላየሁበትም።

አሁን አሁን ደግሞ ወጣቶቻችን መሪውን ከፍ አስደርገው፣ የእግር ማረፊያውን ወደፊት አስገፍተው፣ ወንበሩን ዝቅ አስደርገው ክሩዘር ያስመስሉታል። ያምራል፣ አልዋሽም። ለስላሳ ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ላይ ለአንድ ሰዓት ይመች ይሆናል። እግር ወደፊት ሲዘረጋ ግን የሰውነት ክብደት በሙሉ ጅራት አጥንት ላይ ያርፋል፤ ጉድጓድ ሲመጣ በእግር ተነስቶ ማሳለፍ አይቻልም፣ ምቱ በቀጥታ ወገብ ውስጥ ይገባል። እጅ ከትከሻ በላይ ሲሰቀል ይደነዝዛል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ይንዘፈዘፋል፤ መሪውን ጨምድዶ ለሰዓታት የያዘ ሰው ማታ ጣቶቹን ይወረዋል፣ ጥሬ የረገጠ ያህል ይጠቀጥቀዋል። ይህ መደንዘዝ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ታዩ። መሪው ክርናችሁ በትንሹ ታጥፎ የምትደርሱበት ቦታ ይሁን፣ እግራችሁ ከጉልበታችሁ ሥር ይረፍ፣ የመሪው ላስቲክ ወፍራም ይሁን፣ በየ1 ሰዓቱ ወርዳችሁ ተራመዱ። ከዚህ የተሻለ የወገብ መርፌ የለኝም።

ብርዱስ? ጠዋት አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለተጋለጠ ፊታችሁ 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው። ከጮቄ በኩል የሚነፍስ ነፋስ ካለ አስቡት። «ምች መታኝ» ብላችሁ የምትመጡት ስለ ሌላ ቀን ይቆየን፤ እኔን የሚያስፈራኝ የቀዘቀዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ መዘግየቱ ነው። 60 ላይ የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ይሄዳል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ጠቅላላ ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል። 80 ላይ ከሆነ ከ60 ሜትር ያልፋል። ጣቱ ሁለት ሰከንድ ከዘገየ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፤ ከፊት ያለችው አህያ ሒሳብ አታውቅም። ለደረት ግልጽ የፕላስቲክ የንፋስ መከለያ ይታሰር። ለእጅ መከለያ መግዛት የማይችል የዘይት ጀሪካን ቆርጦ መሪው ላይ ያሰር፤ ውበት የለውም፣ ግን ይሠራል፤ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካ ብቻ ይታይ። አረቄ ግን አያሞቅም። ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት የተሰማን ይመስለናል፤ እውነቱ ሙቀቱ ከውስጥ ወጥቶ እየሄደ ነው፣ አእምሮም አብሮ እየዘገየ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚገዛው ግን ሄልሜት ነው። ሕጉም ያስገድዳል፣ ነገር ግን ለፖሊስ ብቻ መሪው ላይ የሚንጠለጠል ሄልሜት የመሪ ጌጥ ነው። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። እንዲህ የሚሠራ ክኒን ቢኖረኝ ለእያንዳንዳችሁ አዝላችሁ ነበር። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ሄልሜት አይደለም። አገጭን የሚሸፍነውን ምረጡ፣ መንጋጋና ጥርስ ይተርፋል፤ የፊት መስታወቱ ደግሞ ከገለባ ብናኝና ከጠጠር ዓይንን ያድናል። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። አንዴ ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰብሯልና ይቀየር። ለኋለኛው ሰውም ይገዛ፤ «እሷ ቅርብ ነው የምትወርደው» አይባልም። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም የለም። ጭንቅላት ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ሪፈር ተጽፎለት በአምቡላንስ ሰዓታት ይጓዛል፣ ለእርሱ ደግሞ የጎደለው ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መውደቅ አለ፤ መንገድ ነውና። የወደቀ ሰው ካገኛችሁ ጎትታችሁ አታስነሱት፣ ባጃጅ ላይ አጣጥፋችሁ አትጫኑት። የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ በሁለት እጁ ይያዝ። የሚፈስ ደም ካለ በንጹህ ጨርቅ ሳትለቁ ተጫኑት። ውሃም ቡናም በአፉ አትስጡት። በማርሚታ እግሩ የተቃጠለ ካለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አፍሱበት፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አትቀቡት። ከወደቀ በኋላ ተነስቶ «ምንም አልሆንኩም» ያለ ሰው ማታውን የሚያስታውክ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ የሚጥለው ወይም ራስ ምታቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት አምጡት።