«የድሮውን! የድሮውን!»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል የሙዚቃ ምሽት ላይ ነበርኩ። አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ሦስት የታወቁ ዘፈኖቻቸውን ከተጫወቱ በኋላ አዲስ ሥራ እንደሚያሰሙን ነገሩን። መግቢያው እንኳ ሳያልቅ ከአንድ ጠረጴዛ «የድሮውን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ቤቱም ተቀበለው። ሰውየው ፈገግ ብለው ለባንዱ ምልክት ሰጡና ወደ ድሮው ተመለሱ። ያንን አዲስ ዘፈን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። እፍረቱ ግን አለቀቀኝም፤ እኔም አብሬ ጮኼ ነበርና።

ለመሆኑ ሙዚቀኛ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው አዲስ ነገር መሞከር የሚከለከለው? ይህ ጥያቄ በመጣብኝ ቁጥር የማስታውሰው እንግሊዛዊውን የሮክ ድምፃዊ ሮበርት ፕላንትን ነው።

ፕላንት እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለደ። ሃያ ዓመት ሲሞላው ሌድ ዘፕሊን የተባለውን ባንድ ተቀላቀለ። በ1980 ድራም መቺው ጆን ቦንሃም ሲሞት ባንዱ ፈረሰ። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2007፣ የቀሩት ሦስቱ የቦንሃምን ልጅ ጄሰንን ድራም ላይ አስቀምጠው ለንደን ውስጥ አንድ ምሽት ተጫወቱ። አዳራሹ ሃያ ሺህ ሰው ገደማ ይይዝ ነበር፤ የቀረበው የትኬት ጥያቄ ግን ሃያ ሚሊዮን ደረሰ ተብሏል። ጓደኞቹ ሊቀጥሉ ፈለጉ። ዓለምን ዞሮ የሚታፈሰውን ገንዘብ አንባቢ ራሱ ያስላው። ፕላንት ግን እንቢ አለ።

እንቢ ብሎ የት ሄደ? አሊሰን ክራውስ ከምትባል፣ በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ ከምታንሰው የብሉግራስ ዘፋኝና ቫዮሊን ተጫዋች ጋር መድረክ ወጣ። በዓለም የታወቀው ጯሂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ተስማምቶ መዝፈን በስልሳ ዓመቱ ተማረ። የዘፕሊንን «ብላክ ዶግ» እንኳ ጊታሩ ከሚያጓራበት አውጥቶ በባንጆ አስጀመረው። ሁለቱ አብረው የሠሩት አልበም በ2009 የዓመቱን ምርጥ አልበም ጨምሮ አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰደ።

«ውለታ ቢስ ነው፤ ያሳደገው ሕዝብ የጠየቀውን ነፈገ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አድማጭ ትኬት ሲቆርጥ የሚገዛው አንድ ምሽት ነው እንጂ የሰውየውን ቀሪ ዕድሜ አይደለም። የድሮው ዘፈን በሸክላው ላይ ሳይጎድል ተቀምጧል፤ ማንም አልወሰደብንም። ሸክላው የማይሰጠን ነገር ቢኖር ሰውየው ዛሬ ምን እንደሚያስብ ነው። ደግሞስ ፕላንት የቀድሞውን መቼ ናቀ? ዓመታት ሙሉ የሸሸውን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» በ2023 ለካንሰር ሕሙማን መርጃ በተዘጋጀ ምሽት ላይ ዘፍኖታል። ያልወደደው ዘፈኑን ሳይሆን በዘፈኑ መታሰርን ነበር።

ሌላው ክስ ጠንከር ይላል። «እነዚህ ያረጁ ሮከሮች የራሳቸው ሲነጥፍባቸው የአፍሪካን ሙዚቃ ይዘርፋሉ» ይባላል። ክሱ መሠረት የለውም አልልም። ሌድ ዘፕሊን ራሱ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ስም ሳይጠራ ወስዷል፤ ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሶ ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። ነገር ግን መስረቅና አብሮ መጫወት አንድ አይደሉም። ፕላንት በ1994 ከጂሚ ፔጅ ጋር ማራኬሽ ሄዶ ከግናዋ ሙዚቀኞች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ተጫወተ። በ2003 ቲምቡክቱ አጠገብ ኤሳካኔ በተባለው አሸዋ ላይ በተደረገው የበረሃ ፌስቲቫል ከእነ ቲናሪዌን ጋር በአንድ መድረክ ላይ ተሰለፈ። በኋላም ጋምቢያዊው ጁልዴ ካማራ እንደኛው ማሲንቆ ባለ አንድ ክር የሆነውን ሪቲ ይዞ የባንዱ አባል ሆነ። የዲክሰን ስም በሸክላው ላይ ተደብቆ ነበር፤ ካማራ ግን መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ እየታየ፣ ስሙ እየተጠራ ይጫወት ነበር። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ ሄድክ የሚለኝ ካለ፣ ከቤታችን ልጥቀስ። የሳክስፎኑ አንጋፋ ጌታቸው መኩሪያ በሰባ ዓመታቸው ዙሪያ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ተጣመሩ። አብረው የሠሩት «ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ሽለላው ሽለላ ሆኖ ቀረ፤ ከኋላው ግን የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ጦር ሜዳ ይፎክር ነበር። ጋሽ ጌታቸው በ2016 ከማረፋቸው በፊት ለዓመታት የአውሮፓ ወጣት በቆመበት ሲጨፍርላቸው ኖሯል። በዚያ ዕድሜ «ይበቃዎታል፣ የድሮውን ብቻ ይንፉልን» ብለናቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ የት ይገኝ ነበር?

ከሁሉ የሚያናድደኝ «አንጋፋዎቻችንን እናከብራለን» ማለታችን ነው። ካባ እናለብሳለን፣ የምስክር ወረቀት እንሰጣለን፣ ከዚያ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳሉ የዘፈኑትን እንዲደግሙልን እናዝዛለን። ይህ ሰውን በሕይወቱ ሐውልት ማድረግ ነው። ሐውልት ደግሞ አዲስ ዘፈን አይዘፍንም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አንጋፋ «አዲስ ላሰማችሁ» ሲሉ አራት ደቂቃ ዝም እንበላቸው። ካልጣመን አለማጨብጨብ መብታችን ነው። ሳንሰማ መጮህ ግን መብታችን አይደለም። ይህን የምለው ከሁሉ አስቀድሞ ለራሴ ነው።