ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው ሰው

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ምስጋና እንነጋገራለን።

ዘፋኝን ማመስገን እናውቅበታለን። እናጨበጭባለን፤ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን። ዘፈኑ ታትሞ እኛ ዘንድ እንዲደርስ ገንዘቡን ያወጣውን ሰው ግን ማን ያመሰግነዋል? ስሙንስ ማን ያውቀዋል?

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ሰዎች ይህን ለመጠየቅ ምክንያት አለን። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ቅኝት ማለት መሰንቆው ወይም ክራሩ የሚቃኝበት፣ ዜማው የሚሄድበት መንገድ ነው። ከአራቱ አንዱ የአገራችንን ስም ይዟል። ታዲያ አምባሰልን የሚያውቀው ሰው ሁሉ እዚህ መጥቶ ሰምቷል? የለም! ብዙው የሰማው በሸክላ፣ በካሴትና በራዲዮ ነው። ቀድቶ የሚያሳትም ባይኖር ኖሮ ዜማው ከሠርግ ድንኳን አይርቅም ነበር።

እስቲ የአንድ አሳታሚ ታሪክ እንመልከት። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሸክላ ስንል የወጥ ድስት ማለታችን አይደለም። ዘፈን የሚቀዳበት፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ሳህን የሚመስል ዕቃ ነው። በዚያ ዘመን በቲያትር ቤቶች፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ጥሩ ጥሩ ሙዚቀኞች ነበሩ። ማታ ማታ ይጫወታሉ፤ ሕዝቡም ይወዳቸዋል። አዲሱ ዘፈናቸው ግን በሸክላ እምብዛም አይወጣም ነበር።

በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ተነሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። የአገሩን ልጆች ዘፈን ለማሳተም ቆረጠ። ትእዛዙ እንደሚከለክለው ያውቃል፤ ቢሆንም ደፈረ። የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ድምፃዊ የነበረውን የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀዳ። ሸክላውም ሕንድ አገር ታትሞ መጣ። ገበያም አገኘ።

አምሃ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሸክላዎችን አወጣ። ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ማሕሙድ አሕመድ ከእርሱ ጋር ከሠሩት መካከል ናቸው። እንደ አሊ አብደላ ካይፋ ያሉ ሌሎች አሳታሚዎችም በዚያው መንገድ ተጓዙ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። በ2021 እርሱም ዓለማየሁም አረፉ። ሁለቱ ቢሞቱም ዘፈኖቹ ዛሬም ይደመጣሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ቲያትር ቤቱ ሙዚቀኛ እንለፍ። ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ልጅ ነው። በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በምንለው ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። የሚጫወተው ሳክስፎን ነው፤ በትንፋሽ የሚነፋ የናስ መሣሪያ። ጌታቸው ጀግና የሚፎክርበትን ሽለላ በሳክስፎን አሰማ።

የቲያትር ቤት ሙዚቃ መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የጌታቸው ሽለላ ግን በሸክላ ስለተቀዳ አልጠፋም። በ2003 ፈረንሳይ አገር እንደገና ታተመ። በ2004 ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች አምስተርዳም ጋበዙት። እርሱም በአዲስ ሥራ እንዲያጅቡት ጠየቃቸው። እነርሱም እሺ አሉ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም በእነርሱ አሳታሚነት ወጣ። ጌታቸው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ብዙ አገር ሰማው። ሙዚቀኛ አሳታሚውን የሚያመሰግነው በቃል ብቻ አይደለም። አምኖት ሥራውን ሲሰጠው ያ ራሱ ትልቅ ምስጋና ነው።

አሳታሚ ሁሉ ደግ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ዘፈኑን በጥቂት ብር ገዝቶ ብቻውን የሚበላም አለ። ደጉን ከክፉው የሚለየው ውሉ ነው። ስለዚህ ሙዚቀኛው ውሉን ሳያነብ አይፈርም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የዘፋኙንም የድምፅ አሳታሚውንም መብት ያውቃል። አንዱ ሌላውን እንዲበላ አልተጻፈም።

የሠራውንም ያሠራውንም በስም ማንሣት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን እናስታውስ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል ስማቸውን ይዞ ሰባት መቶ ዓመት አልፏል። የጥንት የብራና መጻሕፍት ለጻፈውም፣ ላጻፈውም ጸልዩ ይላሉ። ጸሐፊው ቀለሙን ይበጠብጣል፤ አጻፊው ብራናውን ይገዛል። ያለ አንዱ ሌላው መጽሐፍ አያወጣም። ዘፈንም እንዲሁ ነው።

ዛሬ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ይገለበጣል። ዜማው ይመጣል፤ ስሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ገንዘቡም አብሮ ይቀራል። አሳታሚው ወጪው ካልተመለሰለት ነገ ለሌላው ወጣት አያወጣም። ያ ወጣት ደግሞ የሐይቅ ልጅ ሊሆን ይችላል እኮ!

እንግዲህ አንባቢያን፣ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ቤታችሁ ያረጀ የካሴት ልባስ ካለ አውጡት። ፎቶግራፉን ብቻ አትመልከቱ። ከታች ያሉትን ደቃቅ ፊደሎች አንብቡ፦ ዜማ የማን፣ ግጥም የማን፣ ያቀናበረው ማን፣ ያሳተመው ማን። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። አዲስ ዘፈን ስትፈልጉም ባለቤቱን ጠይቁና ግዙ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።