ሦስተኛውን ስለ መምረጥ

በምርጫ በሚተዳደር አገር ሕዝቡ አለቃውን በድምፅ ይሾማል። ድምፅ ማለት መራጩ ይህ ሰው ይሹም ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ለሹመት የሚቀርቡትን ሁለት ታላላቅ ሰዎች መራጩ ሁለቱንም ይጠላቸዋል። ሦስተኛ ደግ ሰውም ይቀርባል፤ ነገር ግን ተከታዮቹ ጥቂቶች ስለ ሆኑ እንደማያሸንፍ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ መራጩ ምን ያድርግ?

ይህ ነገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1844 ዓመት በአሜሪካ ሆነ። በዚያ ዘመን በአገሩ ደቡብ ሰው እንደ ከብት ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ለፕሬዚዳንትነት የቀረቡት ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች፥ ጀምስ ፖልክና ሄንሪ ክሌይ፥ የባሪያ ጌቶች ነበሩ። ሦስተኛው ጀምስ በርኒ ነው። እርሱም አስቀድሞ የባሪያ ጌታ ነበረ፤ ነገር ግን ኅሊናው ወቀሰውና በ1834 ባሪያዎቹን አርነት አወጣ። ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ ቢያወጣ በ1836 ጠላቶቹ ማተሚያውን ሰበሩት፤ እርሱ ግን ዝም አላለም።

62,000 የሚያህሉ ሰዎች በርኒን መረጡ። በጊዜው ሥርዓት በአንድ ክፍለ አገር ብልጫ ያገኘ ሰው የዚያን ክፍለ አገር ድርሻ ሁሉ ይወስድ ነበር። በኒው ዮርክ ፖልክ ክሌይን የበለጠው በ5,106 ድምፅ ብቻ ነው፤ በዚያው ስፍራ ለበርኒ የተሰጠው ድምፅ ግን 15,812 ነበረ። ክሌይ ኒው ዮርክን ቢያገኝ ኖሮ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። ፖልክ ተሾመ፤ በ1845ም ባርነት ያለባት ቴክሳስ ወደ አሜሪካ ተጨመረች።

ስለዚህ የበርኒ መራጮች፥ ባርነትን እየጠሉ ባርነት እንዲሰፋ ረዱ ተብለው ተነቀፉ። ነቀፋው ከንቱ አይደለም። ድምፅ የመራጩን ልብ ለማሳረፍ ብቻ አልተሰጠም፤ በእርሱ ምክንያት የሚጐዳም የሚጠቀምም ሌላ ሰው አለ። ነገር ግን ባርነትን የሚጠሉ ሁሉ ዘወትር ከሁለት ክፉ የሚሻለውን ብቻ ቢመርጡ ኖሮ፥ ታላላቆቹ ማኅበራት ስለ ባሪያው ምን ገዷቸው? ድምፁን ያለ ዋጋ ያገኙት ነበርና።

የበርኒ መራጮች ከምርጫው በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ብዙዎቹ በ1848 ከሌሎች ጋር አዲስ ማኅበር አቆሙ፤ ኋላም በ1854 የተነሣውን የሪፐብሊካን ፓርቲ ተባበሩ። በ1860 የዚህ ፓርቲ ሰው አብርሃም ሊንከን ተመረጠ። ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ በ1865 ባርነት በመላው አገር በሕግ ተሻረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ነው። በርኒ ግን በ1857 ስለ ሞተ ይህን አላየም። ከ1844 እስከ 1865ም 21 ዓመት አለፈ፤ በዚህ መካከል በባርነት የሞቱ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ሦስተኛውን መምረጥ ብቻውን ሞኝነት አይደለም፤ ብቻውንም ጽድቅ አይደለም። እንዲህ የሚመርጥ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው፥ በድምፁ ምክንያት ዛሬ ማን እንደሚጐዳ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ሁለተኛው፥ ጥቂቶቹ ብዙዎች እስኪሆኑ ድረስ ሳይታክቱ መሥራት ነው። ተቈጥቶ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ግን፥ ዘሩን በትኖ አረሙን ሳያርም መከር የሚጠብቅ ገበሬን ይመስላል።