ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ ስንት ታወጣለች?



ሰሞኑን ከተለመደው የደም ግፊትና የክትባት ጥያቄ መካከል ስለ ቮልስ የሚጠይቁኝ በዝተዋል። እናቶች «ልጄ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ቮልስ አገኘሁ ብሎ የዕቁቤን ብር ይጠይቀኛል» ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «የሟች ባለቤቴ ቮልስ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ደላላ እየተመላለሰ ሽጪልኝ ይለኛል» የሚሉ አያቶች አሉ። አንዷ ገዢ፣ ሌላዋ ሻጭ ትሁን እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ስንት ታወጣለች?

እኔ ነርስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም በቤታችን ቮልስ ከ20 ዓመት በላይ ስለኖረች ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ከሙያዬ ደግሞ አንድ ሥርዓት ይዣለሁ። ድንገተኛ ክፍል የገባ በሽተኛ ሲታይ መጀመሪያ የሚገድለው ነገር ይፈለጋል፤ ቁስሉና መልኩ ኋላ ይታያል። የቆመች መኪናም በዚሁ ቅደም ተከተል ብትታይ ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራ ይድናል።

በመጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደተሰቀለ እንይ። ቮልስ በዓለም ላይ ብርቅ መኪና አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በእኛ አገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን አክብዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታድሳ መንገድ ላይ የምትሄደዋ ቮልስ ዋጋ ነው። የቆመችዋ ገና ብዙ ወጪ ይጠብቃታል።

አንደኛ፣ ወረቀቷ። ሊብሬው በማን ስም ነው? ባለቤቱ በሕይወት ከሌሉ ወራሾቹ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አላቸው ወይ? የትዳር ጓደኛ ካለ ይስማማል? የውክልና ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ውክልናው መሸጥንም የሚፈቅድ፣ ያልተሻረም መሆኑን ያሳያችሁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጣራ። ከዚያ የኋላውን መቀመጫ አንሱና በመሃል በሚያልፈው ብረት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ይገኛል። ቁጥሩ ካልገጠመ ወይም ተፍቆ ከታየ፣ መኪናዋ ምንም ብታምር ድርድሩን እዚያው አቁሙ። ስም የማይዛወርላት መኪና «ላም አለኝ በሰማይ» ናት።

ሁለተኛ፣ ላሜራዋ። ብዙ ወጣት መጀመሪያ «ሞተሯ ይነሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ሞተር ግን ወርዶ ተጠግኖ የሚመለስ ነገር ነው። ቮልስን የሚገድላት ዝገት ነው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የአሲዱ ፍሳሽ ወለሉን ይበላዋል። የወለሉን ምንጣፍ ገልጣችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ንኩ። ብረቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ከተፈረፈረ ወለሉ ሊቀየር ነው። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ያለውን የጎን ብረት እዩ። እሱ ጌጥ አይደለም፤ የመኪናዋን ጎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። በባለሙያ ፊት ጎኗ በክሪክ ትንሽ ከፍ ሲል በሩ መዝጋት ካቃተው ወይም ክሪኩ ብረቱን ጥሶ ከገባ፣ አጥንቷ ተጎድቷል ማለት ነው። ከፊት ደግሞ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውኃ ያቁራል። አዲስ ቀለም ከተቀባች ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ገላዋ ላይ አስጠጉ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ የተለጠፈበት ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሯ። ባለቤቱን በአክብሮት «ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳችው መቼ ነው? ያኔስ ለምን ቆመች?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይናገራል። ባለቤቱ ታመው የቆመችና ሞተሯ እየጮኸ የቆመች እኩል ዋጋ የላቸውም። ለዓመታት የቆመችን ሞተር «አዲስ ባትሪ አምጡና እናስነሳት» የሚል ሰው ቢመጣ አትፍቀዱ። መካኒኩ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ትንሽ ዘይት ካንጠባጠበ በኋላ በእጅ ያዙራት። ከዞረች ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፋው። እንቅስቃሴው በእጅ የማይታወቅ ያህል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ካለው ግን ሞተሩ ተከፍቶ መሠራት አለበት፤ ከዋጋው ላይ ይቀነስ። መብራቷንም ስታሰቡ እ.ኤ.አ. ከ1966 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው በ6 ቮልት ይሠሩ እንደነበር አትርሱ፤ የዛሬው ባትሪና አምፖል ባለ 12 ቮልት ነው።

አራተኛው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ በውስጧ የሚቀመጠው ሰው። የቮልስ ማሞቂያ አየር የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ አልፎ ነው። ያ ክፍል በዝገት ከተበሳ የሞተር ጭስ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ ሲበዛ ይገድላል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስላለ መሸፈኛው ከጠፋ የወንበሩ ሽቦ ነክቶት እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ የልጅ ልጆቻችን የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። የደረቀ የቤንዚን ጎማ ቱቦም ሌላ የእሳት ምንጭ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የቆመች መኪና ፍሬን ከውስጥ ይዝጋል። ጎማዋ ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2309 ካለ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ይቀየር። የወንበር ቀበቶም መኖሩን፣ በተለይ ከኋላ፣ ተመልከቱ። እነዚህን «ቀስ ብዬ አሠራዋለሁ» ማለት አይገባም፤ የመግዣው ዋጋ አካል ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ተመሳሳይ ዓመት ያላት፣ በደህና የምትሄድ ቮልስ በገበያ 100 ታወጣለች እንበል። መካኒኩ ላሜራና ቀለም 30፣ ሞተር 20፣ ፍሬንና ጎማ 10፣ የመብራት ሽቦ 5 ገመተ። ድምሩ 65 ነው። አሮጌ ነገር ሲከፈት ያልታሰበ መውጣቱ ስለማይቀር የጥገናውን አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 13 ጨምሩ፤ 78 ሆነ። ስለዚህ የቆመችው ቮልስ ዋጋ 22 ነው። ሻጩ 60 ቢል መሳደብም መጣላትም አያስፈልግም፤ ወረቀቱን አሳዩት። ካልተስማማ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ መሄድ ነው። ዕቁብን አውጥቶ፣ ተበድሮም ጭምር ይህን ልዩነት መሸፈን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ልጃችሁንም በምኞቱ አታሳፍሩት። አሮጌ መኪና የሚወድ ወጣት እጁን ለሥራ የሚዘረጋ ወጣት ነው። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ይህን ሒሳብ ራሱ በወረቀት ሠርቶ ያምጣላችሁ፤ ሻጩ ባላመጣው መካኒክም ያስፈትሽ። ሦስት ጋራዥ ተመላልሶ የሚጠይቅ ልጅ መኪናዋን የምር ይፈልጋታል።

ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ ያላችሁ እናቶችና አያቶች ደግሞ፣ ይኸው ሒሳብ ለእናንተም ይሠራል። ወለሏ ጤነኛ፣ ወረቀቷ የተሟላ፣ ቁጥሯ የሚገጥም ከሆነ ሞተሯ ባይነሳም «ቁርጥራጭ ብረት ናት» የሚላችሁን ደላላ አትመኑ። ሊብሬውንና የድሮ ደረሰኞቹን ሰብስቡ፤ ልጆቻችሁ ባሉበት ተነጋገሩ፤ የራሳችሁን መካኒክ አስመጥታችሁ አስገምቱ። የሟች ንብረት ከሆነች ወራሾች ሁሉ ሳይስማሙ ቀብድ አትቀበሉ። በአንዲት ቮልስ የተነሳ እኅትና ወንድም ከተኳረፉ በምንም ዋጋ ብትሸጥ ኪሳራ ነው።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።