እትብቱስ ወዴት ይቀበር?

ሐበሻ አገሩን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ፓስፖርት ቢቀይር፣ ስሙን ቢያሳጥር፣ አነጋገሩ ቢጣመም እንኳ ይቺን አባባል አይለቃትም። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ መንደር የሚያድጉ ሕፃናት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የትውልድ ቦታቸው ተብሎ የተጻፈው ከመንደራቸው ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከተማ ቢሆንስ? እትብቱስ ወዴት ይቀበር?

ፈጠራ አይደለም። በሰሜን ካናዳ በሚኖሩት በኢኑዊቶችና በሌሎች ነባር ሕዝቦች ዘንድ ለአሥርት ዓመታት የኖረ፣ በብዙ ቦታ እስከ ዛሬም ያለ አሠራር ነው። ነፍሰ ጡሯ የመውለጃዋ ቀን ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ከተሞች ትላካለች። ቋንቋዋን በማይሰሙ ሰዎች መካከል ቁጭ ብላ ምጧን ትጠብቃለች። ባሏና ሌሎቹ ልጆቿ እዚያው መንደር ይቀራሉ። የፌዴራሉ መንግሥት የጤና መርኃ ግብር ከሩቅ መንደር ለምትመጣ ወላድ ሁሉ የአንድ አጃቢ ወጪ ልሸፍን ያለው ገና በ2017 ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ቤቱን ይሞላዋል። እዚያ የመንደሯ ሴት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የምታሳልፈው ግድግዳ እያየች ነበር።

ልብ አድርጉልኝ፤ የላኳት ሰዎች ሐሳባቸው ክፉ ነበር እያልኩ አይደለም። እናትና ልጅ እንዳይሞቱ ብለው ነው። ችግሩ «ደኅንነት» የሚለውን ቃል ብቻቸውን ተርጉመው መጨረሳቸው ነው። ወላዷን ማንም አልጠየቃትም።

የጠየቁት፣ እንዲያውም የጮኹት፣ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በኬቤክ ሰሜን ጫፍ ኑናቪክ የሚባል አካባቢ አለ። አሥራ አራት መንደሮች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ከነዚህ በአንዷ፣ በፑቪርኒቱቅ፣ በ1986 የአገሬው ሴቶች ወትውተው ወትውተው በኢኑሊትሲቪክ ጤና ማዕከል ውስጥ ማዋለጃ ክፍል አስከፈቱ። መጀመሪያ ከደቡብ አዋላጆች መጡ። ሥራቸው ግን ማዋለድ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሯን ሴቶች እዚያው ሥራ ላይ እያሉ አዋላጅ አድርጎ ማውጣትም ጭምር ነበር። በ1998 ኢኑክጁዋክ፣ በ2004 ደግሞ ሳሉዊት የተባሉት መንደሮች ተከተሉ።

«ቆይ እንጂ፣ ቀዶ ሕክምናስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በመንደሮቹ የለም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት በአውሮፕላን ለሰዓታት መጓዝ አለባት። ስለዚህ ምን አደረጉ? አዋላጆች፣ ሐኪሞችና ነርሶች ሆነው የእያንዳንዷን ነፍሰ ጡር ጉዳይ አስቀድመው ይመክሩበታል። ማን እዚሁ ትወልዳለች? የማን እርግዝና ያሰጋል? ማንን እንላክ? ያሰጋል የተባለው ይላካል፣ ሌላው ቤቱ ይወልዳል። ከ2000 እስከ 2007 የነበሩትን ወሊዶች የመረመረ ጥናት ከአሥር ወሊድ ከስምንት በላይ የሚሆነው እዚያው ኑናቪክ ውስጥ መከናወኑን፣ የእናቶችና የልጆች ደኅንነትም የተጠበቀ መሆኑን አሳይቷል። በ«ባህል ይበቃናል» ፉከራ የተገኘ ውጤት አይደለም። በስሌት፣ በሥልጠናና በኃላፊነት የመጣ ነው።

አሁን ወደ ነጥቤ ልግባ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚደግፍ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዴት ነው የሚመራው?

የአዲስ አበባ ልጅ ኤንጂኦ ሲባል ምን እንደሚታየው አውቃለሁ። ነጭ ላንድ ክሩዘር፣ ቢሾፍቱ ሪዞርት የሚደረግ ዎርክሾፕ፣ አበል፣ «የእናቶች ጤና ለሁሉም» የሚል ባነርና ከባነሩ ጋር የሚመሳሰል ቲሸርት። ዳይሬክተሩ ጎበዝ የሚባለው ብዙ ፕሮፖዛል ሲያሸንፍ ነው። የነባር ሕዝቦችን አዋላጅነት የሚደግፍ ድርጅት በዚህ ሚዛን ከተለካ ግን ገና ሳይጀምር ወድቋል እላለሁ። የኔ ሚዛን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።

አንደኛው፤ አዋላጅ ማን እንደሆነች የሚወስነው ማን ነው? በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በ1991 ባወጣው የአዋላጆች ሕግ ለወገኖቻቸው አገልግሎት የሚሰጡ የነባር ሕዝብ አዋላጆችን ከመደበኛው የምዝገባ ግዴታ ነፃ አደረገ። በሌላ አነጋገር፣ «እናንተ ማን አዋላጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ» አላቸው። የሲክስ ኔሽንስ ሰዎች ይህን ይዘው በ1996 የራሳቸውን የወሊድ ማዕከል ከፈቱ፤ አዋላጆቻቸውንም እዚያው ያሠለጥናሉ። በ2008 ደግሞ በመላ ካናዳ ያሉ የነባር ሕዝብ አዋላጆች የራሳቸውን ብሔራዊ ምክር ቤት መሠረቱ። የእንዲህ ያለ ድርጅት መሪ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል። ሕግ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ወንበር ማስገኘት፣ ከዚያም ወንበሩ ላይ ራስ አለመቀመጥ።

«ለምን እንዲህ ያከሩታል?» የሚል ካለ ታሪክ ይመልስለታል። በአሜሪካ የመንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1976 ባወጣው ሪፖርት፣ ለነባር ሕዝቦች የሚሠራው የፌዴራል ጤና አገልግሎት ከ12 አካባቢዎቹ በ4ቱ ብቻ፣ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 3,406 የማምከን ሕክምናዎች እንደተካሄዱ መዝግቧል። የስምምነት ቅጾቹም ደንቡን ያላሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። ያ ሩቅ ነው ካላችሁ፣ በካናዳዋ ሳስካቱን ከተማ ተገደን መከንን ባሉ የነባር ሕዝብ ሴቶች ጉዳይ የጤና ባለሥልጣኑ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእናቷ ወይም በአክስቷ ላይ ሲደርስ ያየች ሴት ስለ ወሊድ መከላከያ የምታምነው ማንን ነው? ፖስተሩን? በልጅነቷ የምታውቃትን አዋላጅ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይቀራል? ለጋሽ በሩብ ዓመት ቁጥር ይፈልጋል። አንዲት አዋላጅ ደግሞ በሩብ ዓመት አትወጣም። ዓመታት ይፈጃል፤ በመካከሉ ራሷም ትወልዳለች፣ ሐዘን ይደርስባታል፣ ሥልጠናውን አቋርጣ ትመለሳለች። መሪዋ ለለጋሹ «ዘንድሮ የማሳይህ ቁጥር ሁለት ተማሪ ነው» ለማለት ወኔ ከሌላት፣ ድርጅቱ ሳይታወቀው ወደ ዎርክሾፕ አዘጋጅነት ይለወጣል። ዎርክሾፕ ቶሎ ይቆጠራላ!

የምወደው ምሳሌ ካትሲ ኩክ ናት። ሞሃውክ ናት፣ አዋላጅ ናት። ወገኖቿ በሚኖሩበት በአክዌሳስኔ አጠገብ ፋብሪካዎች ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ወንዙ ውስጥ ሲለቁ ኖረዋል። እናቶች «ጡት ባጠባ ልጄን እጎዳው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። እሷም በ1980ዎቹ የእናት ጡት ወተት ፕሮጀክት የተባለውን አቋቁማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆና የእናቶቹ ወተት እንዲመረመር አደረገች። ጥያቄው የመጣው ከለጋሽ ስትራቴጂ ሰነድ ሳይሆን ከአራስ ቤት ነው። የአዋላጅ ሥራ ሕፃን ተቀብሎ እትብት ቆርጦ እንደማያበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከኛስ ጋር ምን ያገናኘዋል? በ2005 በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 26 ደርሷል፣ በ2019 ደግሞ 48። ትልቅ ድል ነው፣ የሚያጣጥል ሰው ወላድ ስትደማ አላየም። የልምድ አዋላጅ ብቻዋን ደም ማቆም አትችልም፣ ፌስቱላንም አታስቀርም። እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ ከሳቡት ነገሮች አንዱ ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በየማቆያው የሚገነፋው ገንፎና የሚፈላው ቡና! ይህን ሐሳብ ማንም ከጄኔቭ አላመጣልንም። በየመንደሩ ያሉት የልምድ አዋላጆች ደግሞ ከማዋለድ ተከልክለው እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ተነገራቸው። መላኩ ትክክል ነው። ከላኩ በኋላ ግን አብረው ይገባሉ? ስለ እናቲቱ የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው አለ? ወይስ በር ላይ ይመለሳሉ?

ስለዚህ ጤና ላይ የሚሠራ ማኅበር ልታቋቁሙ የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ሎጎ ከማሠራታችሁ በፊት ቦርዱ ላይ የምትቀመጠው ወላድ ማን እንደሆነች ወስኑ። ለማሠልጠን ያሰባችኋትን የመጀመሪያዋን ልጅም ፈልጓት። እሷ የናንተን ፊርማ ሳትጠብቅ መሥራት ስትችል፣ ያኔ ሠርታችኋል ማለት ነው።