ቴትራሳይክሊን የፈንግል መድኃኒት አይደለም

ዶሮ ክንፏን ጥላ፣ ጥግ ይዛ መቆዘም ስትጀምር በየቤቱ የሚደረገው ነገር ይታወቃል። ልጅ ወደ መድኃኒት ቤት ይላካል፤ ቴትራሳይክሊን ይዞ ይመለሳል። ካፕሱሉ ተከፍቶ ዱቄቱ በውሃ ይበጠበጣል፣ ወይም በእንጀራ ይጠቀለልና የዶሮዋ አፍ ተፈልቅቆ ይገባል። ከዳነች «ቴትራው አዳናት» ይባላል። ከሞተች ደግሞ «ፈንግል ነው፤ ምን ይደረጋል» ተብሎ ይታለፋል። ብትድንም ብትሞትም ካፕሱሉ ተጠያቂ አይሆንም። ይህን ያህል ዘመን ሳይመረመር የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ፈንግል፣ በሳይንሱ ኒውካስል የሚባለው በሽታ፣ የሚመጣው በቫይረስ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢና በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ከታወቀ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እስከ ዛሬ የታመመችን ዶሮ ከፈንግል የሚፈውስ መድኃኒት የለም። ቴትራሳይክሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረስን አይነካም። መጠኑን ቢጨምሩት፣ ቀኑን ቢያራዝሙት፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቢቀላቅሉት ያው ነው። ያልተከተቡ ዶሮዎች መካከል የገባ ፈንግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

«ታዲያ የእኔ ዶሮ እንዴት ዳነች?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈንግልን በራሳቸው አቅም ተቋቁመው የሚተርፉ ዶሮዎች አሉ፤ እነዚህ ካፕሱል ባይሰጣቸውም ይተርፉ ነበር። ሌሎቹን ደግሞ ከመጀመሪያውም የያዛቸው ፈንግል አልነበረም። ፊቷ ያበጠ፣ ዓይኗ የተጣበቀ፣ ከአፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ የሚወርዳት ዶሮ ብዙ ጊዜ የያዛት ኮራይዛ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ለእርሱ አንቲባዮቲክ ይረዳል። ካፕሱሉ ስሙን የገነባው በእነዚህ ዶሮዎች ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ካፕሱሉ ዓይናችንን መጋረዱ ነው። መልሱ አስቀድሞ በእጅ ስላለ ዶሮዋን ተጠግቶ የሚያይ የለም። ደም የቀላቀለ ኩስ የሚጥሉ ጫጩቶች፣ በተለይ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ያላቸው፣ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን እንደሚችል እየነገሩን ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚራባና በረጠበ ጉዝጓዝ የሚዛመት ጥገኛ ተህዋስ ነው። መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው፤ በጊዜ ከተሰጠ ያድናል። ጉዝጓዙ ካልተቀየረና ካልደረቀ ግን ተመልሶ ይመጣል። ቴትራ የሚሰጣቸው ጫጩቶች መዳን እየቻሉ ይሞታሉ። አንድ እግሯን ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ዘርግታ የወደቀች ቄብ ማሬክ ይዟት ሊሆን ይችላል። የእርሱ ክትባት የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች ዕለት ስለሆነ፣ ሊጠየቅ የሚገባው የተገዛችበት ማስፈልፈያ ነው። አናቷና ፊቷ ላይ ቅርፊት ያወጣችው በወባ ትንኝ ዓይነት ተናካሾች የሚተላለፍ ፈንጣጣ ይዟታል። እየከሳች እንቁላል ያቆመችውን ዶሮ ደግሞ ማታ በባትሪ ላባዋን ገልጦ፣ ቆጡንም ስንጥቅ ለስንጥቅ ማየት ነው፤ ቅንቅን ደሟን እየመጠጣት ሊሆን ይችላል። ፈንግልስ? አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ ማለክለክ፣ አንገት መጠማዘዝ፣ እግርና ክንፍ መስነፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ዶሮዎች በተከታታይ መሞታቸው ምልክቶቹ ናቸው። ያም ሆኖ ምልክቶች ይመሳሰላሉ፤ እርግጠኛ ለመሆን የእንስሳት ሐኪም የሞተችውን ከፍቶ ማየት፣ አንዳንዴም ላቦራቶሪ መላክ ይኖርበታል። ግን ተቅማጡ ደም ይሁን አረንጓዴ፣ የታመመው ጫጩት ይሁን አውራ፣ አንድ ይሁን አሥር ብሎ ለመለየት ሐኪም አያስፈልግም።

ካፕሱሉ ከዶሮ አልፎ እኛንም ይጎዳል። ቴትራሳይክሊን በአገራችን ግርሻና ተስቦ የሚታከምበት መድኃኒት ነው፤ ቅባቱ የትራኮማ ዓይን ይታከምበታል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ትራኮማ እጅግ ከከፋባቸው አገሮች ዋነኛዋ ናት። በዘፈቀደ፣ ያለ መጠን፣ ለአንድና ለሁለት ቀን እየሰጠን መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን በገዛ ጓሯችን እናራባለን። ካፕሱል የዋጠችው ዶሮ የጣለችው እንቁላልም በዚያው ሳምንት ለልጅ ይቀቀላል። መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ እንደሚገባ ለባለቤቷ የነገራት የለም።

ካፕሱሉ ካልሠራ ቀጣዩ እርምጃ ገበያ ነው። ዶሮዋ ሳትሞት ትሸጣለች። ቀለብም የልጆች ደብተርም የሚገዛው በዶሮና በእንቁላል ለሆነ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዶሮ ብዙ ጊዜ የእናት ገንዘብ ናት። ቢሆንም ያቺ ዶሮ ቫይረሱን ተሸክማ ወደ ሌላ እናት ግቢ ትገባለች። የበዓል ሰሞን ገበያ ለፈንግል ምቹ የሚሆነው ከየቀበሌው የመጣ ዶሮ በአንድ ቅርጫት ስለሚታሰር ነው። የሞተውንም መንገድ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ መጣል በሽታውን ለውሻና ለአሞራ ማስረከብ ነው፤ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ጥፋቱን ሁሉ በባለ ዶሮዋ ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። «ምን ሆነች?» ብሎ ሳይጠይቅ ካፕሱል ቆጥሮ የሚሸጥላት ባለሙያ ከእርሷ የተሻለ ያውቃል። የክትባት ዘመቻ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ከብት ነው፤ ዶሮ የምትታወሰው ጥቂት ቦታ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየወረዳው የ45 ቀን ዶሮ ማዳረስ ትልቅ ሥራ ሆኗል። እነዚህ ዶሮዎች አሳዳጊው ጋ ሳሉ ይከተባሉ፤ ቤተሰቡም «ተከትባለች» ብሎ ይረከባል። የፈንግል ክትባት ግን ዕድሜ ልክ አይጠብቅም፤ በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። ይህን ሳይነግሩ ዶሮ ማደል ሪፖርቱን ያሳምር ይሆናል እንጂ ዶሮዋን አያቆይም።

ክትባቱ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። አይ-2 የሚባለው በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ዓይነት ሙቀትን ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል፤ ማቀዝቀዣ እንደልብ ለማይገኝበት መንደር ታስቦ የተሠራ ነው። አሰጣጡ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ፣ በየአራት ወሩ። እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን የአንድ ቤት ዶሮ አምስት ወይም ስድስት ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም አይቀመጥም። እቁብና ዕድር ለሚያውቅ ሰፈር ይህ የሚፈታ ችግር ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ብልቃጥ ይግዙ፤ በአንድ ማለዳ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ቤት ለቤት ይከተቡ። ክትባቱ የታመመችውን ስለማያድን፣ መከላከያውም እስኪገነባ ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ ቀኑ ከበዓል ገበያና ከክረምት መግቢያ አስቀድሞ ይቆረጥ። ዶሮ የሚያድለው መሥሪያ ቤትም ቀጣዩን የክትባት ቀን በወረቀት ጽፎ ለባለቤቷ ይስጥ፤ ቀኑ ሲደርስም ብልቃጡን ይዞ ይምጣ።